ጸጉራችን ለምን ይሰበራል? ከጸጉር ቤት መልስ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች በቤተ ሙከራ ከሚሠሯቸው ሙከራዎች አንዱ የጸጉርን ውፍረት በሌዘር ብርሃን መለካት ነው። ተማሪው ከራሱ አንዲት ዘለላ ጸጉር ነቅሎ በካርቶን ማዕቀፍ ላይ ወጥሮ ይለጥፋል፤ ብርሃኑ በዘለላው ዳርና ዳር ሲያልፍ ግድግዳ ላይ ከሚታዩት ብሩህና ጥቁር መስመሮች ርቀት ተነሥቶ ውፍረቱን ያሰላል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪያችን ዘለላውን ለመወጠር ስትሞክር ሦስት ጊዜ ተበጠሰባት። «መምህር፣ በየወሩ ጸጉር ቤት እየሄድኩ፣ ይህን ያህል ገንዘብ እያወጣሁ የእኔ ለምን ይሰበራል?» ስትል ጠየቀችን። የዚያን ዕለት የሰጠናት መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተሟላውን መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ጸጉር ራሱን አይጠግንም

ሕይወት ያለው የጸጉር ክፍል በራስ ቆዳ ውስጥ የተቀበረው ሥሩ ብቻ ነው። ከቆዳ በላይ የምናየው ዘለላ ሕዋሳቱ የሞቱ፣ ደምም ነርቭም የማይደርሰው አካል ነው። ስለዚህ የተቆረጠ ጣት ሲድን እንደምናየው የተሰነጠቀ ጸጉር ሊድን አይችልም። ጸጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል ብንል፣ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጸጉር ጫፉ የሁለት ዓመት ተኩል ዕድሜ አለው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የደረሰበትን መታጠብ፣ መበጠር፣ መተኮስና መጎንጎን በላዩ ተሸክሞ ይኖራል። «ጸጉር ይጠግናል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባትም ቢበዛ ቁስሉን ሸፍኖ ያለሰልሳል። እንግዲህ ከአንድ የጸጉር ቤት ቀጠሮ እስከ ሌላው ድረስ በቤታችን የሚጠበቅብን ሥራ ያለውን ማቆየት ነው።

ሁለት ዓይነት ትስስሮች

ጸጉር በአብዛኛው የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የኬራቲን ረጃጅም ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው የሚያያዙት በተለያዩ ትስስሮች ሲሆን፣ ለእኛ ጉዳይ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። የመጀመሪያው የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ ለመበጠስ በሞል 20 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃዋል። ሁለተኛው ሁለት የድኝ አቶሞች ተያይዘው የሚፈጥሩት ትስስር ነው፤ ይህ በሞል 250 ኪሎ ጁል ገደማ ይጠይቃል።

የሃይድሮጅን ትስስርን ውኃ ብቻውን ይፈታዋል። ጸጉሩ ሲደርቅም ትስስሩ በነበረበት ቅርጽ እንደገና ይሠራል። እርጥብ ጸጉር በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ውስጥ ሲደርቅ የተጠቀለለበትን ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። ዝናብ ሲነካው ወደ ቀድሞው የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጸጉር እርጥበትን እንዲህ በቅርብ ስለሚከታተል፣ የስዊሱ ሊቅ ኦራስ ቤኔዲክት ደ ሶሲዩር እ.ኤ.አ. በ1783 ባሳተመው መጽሐፍ የአየርን እርጥበት በሰው ጸጉር መርዘምና ማጠር የሚለካ መሣሪያ አስተዋውቋል። አየሩ ከፍጹም ድርቀት ወደ ሙሉ እርጥበት ሲሸጋገር ጸጉር 2 በመቶ ያህል ይረዝማል።

የድኝ ትስስር ግን ሌላ ነው። ሪላክሰር ኮስቲክ ሶዳን ወይም ተመሳሳይ ኃይለኛ አልካሊ የያዘ ሲሆን ፒኤቹ ከ12 ይበልጣል። ይህ አልካሊ ከሁለቱ የድኝ አቶሞች አንዱን ስለሚያስወግድ ትስስሩ ከእንግዲህ አይመለስም። ካስክ ከጸጉራችን እንደ መበደር ከሆነ፣ ሪላክሰር እንደ መሸጥ ነው። የተሸጠውን ደግሞ ሁለተኛ መሸጥ አይቻልም። ስለሆነም ሪላክሰር መቀባት ያለበት አዲስ በበቀለው ጸጉር ላይ ብቻ ነው። በስምንት ሳምንት የሚበቅለው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ቀድሞ መድገም አሮጌውን ጸጉር ደግሞ ማቃጠል ነው። የተማሪያችን ጸጉር የመሰበሩ ዋና ምክንያትም በየወሩ ሲደገምበት የኖረው ሪላክሰር ሳይሆን አይቀርም።

ሙቀትና የታሰረ ውኃ

የጸጉር መተኮሻ ፔስትራ ከ150 እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥበቱ ያልደረቀ ጸጉር በፔስትራ ሲያዝ በዘለላው ውስጥ የታሰረው ውኃ ወዲያው ይፈላል። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይጨምራል፤ መውጫ ያጣው እንፋሎትም በዘለላው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጸጉሩ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ሆኖ ይገኛል፤ የሚሰበረውም እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ጸጉርን ሙሉ በሙሉ ሳያደርቁ አለመተኮስ፣ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ፣ አንድን ቦታ አለመደጋገም ያስፈልጋል። «ጭስ» ሲል የሚሰማው ድምፅ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።

ሰበቃ፣ ሳሙናና ቅቤ

የዘለላው ውጫዊ ገጽ እንደ ሣር ቤት ክዳን ተደራርበው ወደ ታች በተነጠፉ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። የልብስ ሳሙና አልካሊ በመሆኑ ቅርፊቶቹን ያስነሣል፤ የጸጉሩንም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ዘለላ ከዘለላ ጋር ይፋተጋል፣ ይተሳሰራል። ኮንዲሽነር የሚሠራው በተቃራኒው ነው፤ አዎንታዊ ሙል ያላቸው ሞለኪውሎቹ አሉታዊ በሆነው ጸጉር ላይ ተጣብቀው ሰበቃን ይቀንሳሉ። ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ጸጉር በደረቁ ከሚበጠር ይልቅ ኮንዲሽነር ተቀብቶ እርጥብ እንዳለ፣ ጥርሱ በራቀ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምሮ ወደ ሥር ቢበጠር የሚጠይቀው ጉልበት ያነሰ ነው። ሌሊት በሳቲን ወይም በሐር ሻሽ መሸፈንም ከትራስ ጋር የሚደረገውን ፍትጊያ ይቀንሳል።

እናቶቻችን የሚቀቡት ለጋ ቅቤስ? ቅቤ በሰውነት ሙቀት ቀልጦ ዘለላውን ያለሰልሳል፤ በውስጡ ያለውን እርጥበትም ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። ነገር ግን ጸጉርን «አይመግብም»፤ የሞተ አካል ምግብ አይቀበልምና። የሚጠቅመውም እርጥበት ባለው ጸጉር ላይ ሲቀባና ሳይበላሽ ሲታጠብ ነው።

ውጥረትና ሥር

አንዲት ዘለላ ከ50 እስከ 100 ግራም የሚመዝን ነገር ልትሸከም ትችላለች። ሹሩባ ጠብቆ ሲሠራ ግን ውጥረቱ በዘለላው በኩል አልፎ ሥሩ ላይ ያርፋል፤ ሥሩ ደግሞ ለሳምንታት የማያቋርጥ መጎተትን አይችልም። ሲሠሩት የሚያም፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ትንንሽ እብጠት የሚያወጣ ሹሩባ ወዲያው መላላት ወይም መፈታት አለበት። መጎተቱ በጊዜ ከቆመ ጸጉሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ በጠባሳ ይተካል፣ ጸጉሩም አይመለስም። በዘለላው ላይ የደረሰ ጉዳት ተቆርጦ አዲስ ይበቅልበታል፤ ለጠፋ ሥር ግን ምትክ የለውም።

አንባቢያን የራሳቸውን ጸጉር ሁኔታ ለማወቅ ሚዷቸው ላይ የቀረውን ዘለላ ብርሃን ላይ አድርገው ይመልከቱ። በአንድ ጫፉ ትንሽ ነጭ እብጠት ካለው ጊዜውን ጨርሶ ከሥሩ የወጣ ነው፤ በቀን ከ50 እስከ 100 ያህል መርገፉ የተለመደ ነው። ከዚህ በእጅጉ ከበዛ ሐኪም ማማከር ይገባል። አጭርና ነጭ እብጠት የሌለው ከሆነ ግን የተሰበረ ነው፤ ምክንያቱም ከአልካሊ፣ ከሙቀት፣ ከሰበቃ ወይም ከውጥረት አንዱ ሊሆን ይችላል። ለተማሪያችንም ያን ቀን ልንነግራት ይገባን የነበረው ይኸው ነው፤ ጸጉር ቤት በወር አንድ ቀን ነው፣ የቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀናት በእጃችን ናቸው።