ካልጠሩት አቤት የማይል ፕሮግራም

«ቲቸር፣ ኮዱ ምንም ኤረር የለውም፤ ግን ራን አያደርግም።»

የጃቫ ላብ የሚያስተምረው ባለሙያ ይህችን አቤቱታ በየሴሚስተሩ ይሰማታል። ሰሞኑንም አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፎ መጣ። ኤክሊፕስ ላይ የጻፈው ኮድ ክብ ሰዓት የሚስል አፕሌት ነው፤ የተገለበጠው ከሲኒየሮች በፍላሽ ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ ሀንድአውት ነው። እውነትም አንድም ቀይ ምልክት የለበትም። «አፕሌት» የሚለው ስም ብቻ መሀሉን በአግድም መስመር ተሰርዟል። ተማሪው መስመሩን አይቶታል፤ ጌጥ መስሎት አልፎታል።

«መጀመሪያ ራን ስትለው ምን አለህ?»

«ሜይን የለህም አለኝ። ጨመርኩለት።»

ጨምሯል፣ ግን ባዶ ነው፤ ቅንፉ ተከፍቶ ወዲያው ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ መልእክቱ ጠፋ፤ ፕሮግራሙ ጀመረና በዚያው ቅጽበት ጨረሰ። መስኮት የለ፣ ሰዓት የለ፣ ኮንሶሉም ባዶ። ባለሙያውን ከማንኛውም ኤረር በላይ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ዝምታ ነው። የመጀመሪያው መልእክት ቢያንስ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይጠቁም ነበር፤ ባዶው ሜይን አፉን አስያዘው።

አፕሌት ሜይን የሌለው ተረስቶ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 ጃቫን ሲያስተዋውቅ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አፕሌት የታሰበው ድረ ገጽ ውስጥ እንዲኖር ነው። ክላሱን የሚጭነው ብሮውዘሩ ነው፤ ኢኒትን ይጠራል፣ ስታርትን ያስከትላል፣ መሳል ሲያስፈልግ ፔይንትን ያስነሳል፣ ገጹ ሲተው ስቶፕን፣ በመጨረሻም ዴስትሮይን። አፕሌት «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚባልለት ሰው ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ካልጠሩት ንቅንቅ አይልም። ከኤክሊፕስ ሲነሳ ደግሞ የብሮውዘሩን ቦታ የሚይዘው ከጄዲኬ ጋር ይመጣ የነበረው አፕሌትቪወር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኤክሊፕስ ለእሱ የሚሆን አጭር የኤችቲኤምኤል ፋይልና የፈቃድ ፋይል በጓዳ በኩል አዘጋጅቶ ያቀርብለታል።

መምህሩ ባዶውን ሜይን አስጠፍቶ «ራን አዝ» ከሚለው ሥር «ጃቫ አፕሌት»ን አስመረጠው። ኮንሶሉ አፕሌትቪወር የሚባል ክላስ አላገኘሁም አለ።

ላፕቶፑ ላይ ያለው ጄዲኬ 17 ነው። የአፕሌት ክላሶች በ2017፣ በጄዲኬ 9፣ ጊዜ ያለፈባቸው ተብለው ተፈረጁ፤ አግድም መስመሩ የመጣው ከዚያ ነው። በ2018 ጄዲኬ 11 ሲወጣ አፕሌትቪወር ከነአካቴው ተነሳ። ክላሶቹ ግን ጄዲኬ 17 ውስጥም ስላሉ ኮምፓይለሩ ኤረር የሚልበት ነገር የለውም። ተማሪው አልዋሸም። ኮዱ ደህና ነው፤ ጠሪው ነው የሌለው።

ጄዲኬ 8 ተጫነ፤ ራን የሚያደርገውም እሱ እንዲሆን ተመረጠ። አሁንም እምቢ! በዚህ ጊዜ ግን ኮንሶሉ ቁጥር ጠርቷል፦ 61 እና 52። የጃቫ 17 ክላስ ፋይል 61 የሚል ማህተም አለው፣ ጃቫ 8 የሚያነበው እስከ 52 ነው። ማስነሻው ተቀይሮ የኮምፓይለሩ ደረጃ በነበረበት ቀርቷል ማለት ነው። እሱም ወደ 1.8 ሲወርድ ክቡ መስኮት ላይ ብቅ አለ፣ ቆጣሪዎቹም መዞር ጀመሩ።

ሰዓቱ ቢዞርም ጀርባው ላይ ሊሆን የሚገባው ሥዕል የለም። ተማሪው ፎቶውን ያስቀመጠው ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ፣ ከሌላው ሁሉ ውጭ ነው፤ ተራ የጃቫ ፕሮግራም ከኤክሊፕስ ሲነሳ ፋይል የሚፈልገው እዚያ ስለሆነ ልማዱ አታሎታል። አፕሌቱ ግን ሥዕሉን የሚፈልገው ኮምፓይል የተደረጉት ክላሶች ካሉበት ከቢን ፎልደር ነው። ጌትኢሜጅ ደግሞ ፋይሉ ኖረም አልኖረ ወዲያው ይመለሳል፤ ሥዕሉን ሲያጣ አይጮህም፣ ባዶ ቦታ ትቶ ያልፋል። ፎቶው ከኮዱ ጎን፣ ኤስአርሲ ውስጥ ሲገባ ኤክሊፕስ ራሱ ወደ ቢን ገለበጠው።

ባለሙያው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ልቡ ሳይወድ ነው። ክሮም አፕሌት የሚያስኬደውን የፕለጊን ቴክኖሎጂ በ2015 በስሪት 45 አስወጣው፤ ፋየርፎክስ በ2017 በስሪት 52 በሩን ዘጋ። ተማሪው ተመርቆ ሲወጣ አፕሌት ጻፍልኝ የሚለው ቀጣሪ የለም። ሀንድአውቱ ግን አለ፤ የአፕሌትን የሕይወት ዑደት ዘርዝር የሚለው የፈተና ጥያቄም እንደዚያው። (ጥያቄውን ያወጣው ማን እንደሆነ መምህሩ ያውቃል። አንድ ጊዜ እሱም አውጥቶታል።)

ስለዚህ ቡና ከመፍላቱ በፊት የሚያልቅ አንድ ሥራ ሰጠው፤ አፕሌቱን ወደ ተራ መስኮት መቀየር። ኢኒት ውስጥ የነበረው ወደ ኮንስትራክተር ገባ፣ ሥዕሉ ወደ ጄፓነል ፔይንትኮምፖነንት ዞረ፣ ፓነሉ ጄፍሬም ላይ ተቀመጠ። ሜይንም ተመልሶ መጣ፤ አሁን ባዶ አይደለም፣ ስታርትን ራሱ ይጠራል። በጄዲኬ 17 ያለምንም ልመና ተነሳ።

ተማሪው ደስ ብሎት መስኮቱን በኤክሷ ዘጋና ላፕቶፑን ሊያጥፍ ሲል ኮንሶሉ ላይ ያለችው ቀይ ካሬ እንደበራች አየ። ሰዓቱ ከዓይን ጠፍቷል፣ ፕሮግራሙ ግን ከጀርባ ይዞራል፤ ጄፍሬም ካልተነገረው በቀር ሲዘጋ የሚደበቅ እንጂ የሚያቆም አይደለም፣ ስቶፕን የሚጠራ ብሮውዘርም ከእንግዲህ የለም።

«ቲቸር፣ አሁን ደግሞ አልቆም አለ።»