ያውቁ ኖሯል? ለካንሰር የታሰበው መድኃኒት የእንቅልፍ በሽታን ድል ነሣ

ኤፍሎርኒቲን መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ሕክምና ነበር። ድንቅ ውጤት ያሳየው ግን በጼጼ ዝንብ በሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ላይ ነው።

መድኃኒቱ የበሽታው ተህዋስያን ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ኦርኒቲን ዲካርቦክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ይኸው ኢንዛይም በሰው አካልም አለ፤ ይሁን እንጂ የሰው ሴል የተበላሸውን ኢንዛይም ቶሎ በአዲስ ይተካዋል። ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካን የሚያጠቃው ጋምቢየንሴ የተባለው ተህዋስ ግን መተካቱ ስለሚዘገይበት መባዛት ይሳነዋል።

ራሳቸውን የሳቱ ሕሙማንን በማንቃቱ «የትንሣኤ መድኃኒት» የተባለው ኤፍሎርኒቲን በ1990 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጸደቀ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ የሚታየውን ሮዴሲየንሴ የተባለውን ሌላውን የበሽታው ተህዋስ ግን አይበግረውም። ለሮዴሲየንሴ ሌላ መድኃኒት መፈለግ የግድ የሆነው ለዚህ ነበር።