የባሕር ዝሆን ውፍረትና ክሳት

በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ፣ አኞ ኑዌቮ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ፣ በጥር ወር እንስት የባሕር ዝሆኖች አሸዋው ላይ በብዛት ተጋድመው ይታያሉ። አንዷ ትናንት የወለደች ናት፤ ሆድና ጀርባዋ የማይለይ ድብልብል። አጠገቧ ያለችው ልጇን ጡት ለማስጣል ጥቂት ቀናት ቀርተዋት ይሆናል፤ ቆዳዋ ላልቷል፣ የዳሌ አጥንቷ ከሥሩ ብቅ ብሎ ይታያል። ለማያውቅ ተመልካች የመጀመሪያዋ የደላት፣ ሁለተኛዋ በረኀብ የምታልቅ ምስኪን ትመስለዋለች። ነገር ግን ሁለቱም ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ወር የማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው። የእነዚህን እንስሳት ኑሮ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ መተው ያለበት ውፍረትን ሀብት፣ ክሳትን ጉስቁልና አድርጎ የማየት ልማድ ይመስለኛል። ስብ ምን ያህል እንደሆነ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፤ መጠየቅ ያለበት መቼ እንደተከማቸና መቼ እንደሚያልቅ ነው።

የባሕር ዝሆን የአቆስጣ ወገን ነው። አቆስጣዎች እግራቸው ወደ መቅዘፊያነት የተለወጠ አጥቢ እንስሳት ሲሆኑ ምግባቸውን የሚያገኙት ባሕር ውስጥ፣ የሚወልዱት ግን የብስ ወይም በረዶ ላይ ነው። የኑሯቸው ችግር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል፤ ምግቡ ያለበት ቦታ ልጅ አይወለድበትም፣ ልጅ የሚወለድበት ቦታ ምግብ የለውም። በሰሜናዊው የባሕር ዝሆን ዘንድ ይህ ርቀት እጅግ የሰፋ ነው። እንስቷ የምትወልደው በካሊፎርኒያና በሜክሲኮ ዳርቻዎች ነው፤ የምትበላው ደግሞ ከዚያ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ነው። ዓመቷ አራት ክፍል አለው። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር ማብቂያ ባለው ጊዜ ትወልድና አራት ሳምንት ያህል ታጠባለች፤ ከዚያ ወደ ባሕር ገብታ ከሁለት ወር በላይ ታድናለች፤ በሚያዝያና በግንቦት ጠጉሯን ለመቀየር ተመልሳ አንድ ወር ገደማ የብስ ላይ ትቆያለች፤ በመጨረሻም ሰባት ስምንት ወር ለሚፈጅ ረጅም ጉዞ ትሄዳለች። የብስ ላይ በምትቆይባቸው ሁለቱም ጊዜያት አንድም ነገር አትበላም፣ ውሃም አትጠጣም።

እነዚያን የጾም ሳምንታት የሚያሻግራት ከቆዳዋ ሥር ያለው ወፍራም የስብ ንጣፍ ነው። አንድ ግራም ስብ ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል ይሰጣል፤ ፕሮቲንም ሆነ ስኳር የሚሰጠው ከአራት ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ስብ ሰውነት ውስጥ ሲቃጠል ከራሱ ክብደት በትንሹ የሚበልጥ ውሃ ያስገኛል፤ አራስ የባሕር ዝሆን ሳትጠጣ የምትቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ግመልም ስብ ታከማቻለች፤ ግን ሻኛዋ ላይ ትሰበስበዋለች፤ የተቀረው ሰውነቷ በበረሃ ሙቀት በስብ እንዳይታፈን። የባሕር ዝሆን የምትኖረው በቀዝቃዛ ውሃ ስለሆነ ስቡን በመላ አካሏ ላይ ታለብሰዋለች፤ ስንቋ ልብሷም ነው። ስለዚህ ስትከሳ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ታጣለች፤ ይህን ነገር ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

አራሷ ከስቧ ውስጥ ለራሷ የምታስቀረው ትንሹን ነው፤ ከምታወጣው ኃይል የሚበዛው በወተት በኩል ወደ ግልገሏ ይሄዳል። ወተቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀጠን ያለ ነው፤ ማጥባቱ ሊያበቃ ሲል ግን ከግማሽ በላዩ ስብ ይሆናል። ውሃዋንም በዚያው ትቆጥባለች። አርባ ኪሎ እንኳን ሳይሞላ የተወለደው ግልገል በአራት ሳምንት ውስጥ 130 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፤ እናቲቱ ከክብደቷ ከሲሶ በላይ ታጣለች። ከዚያ ድንገት ጥላው ትሄዳለች። ግልገሉም በተራው፣ ምንም ሳይበላ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ በዳርቻው ቆይቶ፣ መዋኘትን በራሱ ተለማምዶ፣ ማንም ሳይመራው ወደ ውቅያኖስ ይገባል። እናቱ ያጠራቀመችው ስብ የልጇንም የመጀመሪያ ጾም ይሸፍናል ማለት ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ፣ በማኳሪ ደሴት፣ በደቡባዊው የባሕር ዝሆን ላይ የተደረገ ጥናት ጡት ሲጥሉ ከባድ የነበሩ ግልገሎች የመጀመሪያውን ዓመት የመትረፍ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ወንዱ ደግሞ ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ የእንስቶቹን መንጋ ለመጠበቅ ሦስት ወር ያህል ሳይበላ እየተጋጨ ይቆይና ከሲሶ የማያንስ ክብደት ጥሎ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ረኀብ ምንም ስም ቢሰጡት ረኀብ ነው፤ አካሉን እየበላ የሚኖር እንስሳ እየተጎዳ አይደለም ወይ? ይህን ለመመለስ አካል በረኀብ ጊዜ ምን እንደሚያቃጥል ማየት ያስፈልጋል። ለጾም ያልተሠራ አካል ምግብ ሲያጣ ብዙም ሳይቆይ ጡንቻውን ማፍረስ ይጀምራል፤ ጉዳቱም ያለው እዚያ ነው። በጾም ላይ ያለች የባሕር ዝሆን ግን ከምታቃጥለው ኃይል ከዘጠና በመቶ በላዩን የምታገኘው ከስብ ነው፤ ፕሮቲኗን አጥብቃ ትቆጥባለች። ይህን የምታደርገውም እንደሚያንቀላፋ እንስሳ ሰውነቷን አቀዝቅዛ አይደለም፤ ነቅታ፣ ወተት እያመረተች፣ ጎረቤቶቿን እየተጋፋች ነው። ግልገሏን ትታ የምትሄደው ደግሞ ስቧ ጨርሶ ከመሟጠጡ በፊት ነው፤ ለመመለሻውና ለመጀመሪያዎቹ የአደን ቀናት የሚሆን ታስቀራለች። ክሳቷ ወሰን ያለው ወጪ እንጂ ከእጇ ያመለጠ ኪሳራ አይደለም የምለው በዚህ ማስረጃ ነው። ወሰኑ ሲታለፍ ግን እውነተኛ ረኀብ ይመጣል፤ እሱን ለመካድ አልሞክርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ጠንካራ ነው። ለምን ይህ ሁሉ ጣጣ? እያጠቡ መብላት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ የሚያደርጉትም አሉ። የአንታርክቲክ ባለጸጉር አቆስጣ እናት ልጇን ዳርቻ ላይ ትታ ለቀናት ታድናለች፣ ተመልሳ ታጠባለች፣ እንደገና ትሄዳለች፤ ይህን እያፈራረቀች አራት ወር ያህል ትቆያለች። ይህ ሥርዓት የሚሠራው ግን ምግቡ ከዳርቻው ደርሶ መልስ በሚሆን ርቀት ላይ እስካለ ድረስ ነው። በሌላው ጫፍ በሰሜን አትላንቲክ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የምትወልደው ባለቆብ አቆስጣ አለች፤ በረዶው በማንኛውም ሰዓት ሊሰበር ስለሚችል ስድሳ በመቶ ገደማው ስብ የሆነ ወተት እያጠባች ልጇን በአራት ቀን ውስጥ ጡት ታስጥለዋለች። የግልገሉ ክብደት በእነዚያ አራት ቀናት እጥፍ ይሆናል። ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ አጭሩ የማጥባት ጊዜ ይህ ነው። ሦስቱን አስተያይቶ ላየ ሰው፣ እያንዳንዷ ስቧን የምታወጣበትን ፍጥነት የወሰነው የምግቡ ርቀትና የመውለጃው አስተማማኝነት መሆኑ ግልጽ ይመስለኛል። የባሕር ዝሆን ምግብ ወር በሚፈጅ መንገድ ላይ ነው፤ ስለዚህ በአንዴ ጭኖ መምጣት ብቻ ነው አማራጩ።

ይህን ያህል ስብ መሸከም ለጠላቂ እንስሳ እንቅፋት ነው የሚልም አለ። ነገሩ ግን እንደሚታሰበው አልሆነም። የባሕር ዝሆኖች አንዳንዴ መቅዘፍ ያቆሙና በጥልቁ ውስጥ ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። የከሳች በዚያ ጊዜ ቶሎ ትሰምጣለች፤ ስብ የሞላት ቀስ ትላለች። ተመራማሪዎች ጀርባቸው ላይ በተጣበቁ መሣሪያዎች ይህን የመስመጥ ፍጥነት እየለኩ፣ እንስሳዋን ሳያዩ፣ ባሕር መካከል ሆና ምን ያህል እንደወፈረች ለወራት ይከታተላሉ። እጅግ ብልህ ዘዴ ነው። በዚህና በመቅዘፊያ ምት ቆጠራ የተገኘው ውጤት ደግሞ ጠቃሚ ነው፦ እንስሳዋ እየወፈረች ስትሄድና ክብደቷ ከውሃው ጋር ሲመጣጠን፣ ለመውረድና ለመውጣት የሚያስፈልጋት ምት ይቀንሳል። ድካም የሚበዛባት ስትከሳ ነው። በአርክቲክ ያሉ አዳኞች ተመሳሳዩን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር፤ በክረምት የተመታች ባለቀለበት አቆስጣ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፣ ስቧ ባለቀበትና የቀለጠው በረዶ የባሕሩን ጨው ባቀጠነበት ወቅት የተመታች ግን ትሰምጥባቸዋለች።

እንግዲህ ከጾም የወጣች እንስት በሁሉም በኩል ተጎድታ ነው ባሕር የምትገባው፤ ልብሷ ሳስቷል፣ ለመዋኘት ብዙ ኃይል ታወጣለች፣ የሚበላትም አለ። የምትይዛቸው ዓሦች ብዙዎቹ ጥቃቅን ስለሆኑ በቀን ከሃያ ሰዓት በላይ ትጠልቃለች፤ አንዴ ስትጠልቅ በአማካይ 500 ሜትር ገደማ ትወርዳለች፣ ሃያ ደቂቃ ያህልም ትቆያለች፤ ለመተንፈስ የምትወጣው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ባሕር ላይ ሳሉ በቀን የሚተኙት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ፣ ያውም እየሰመጡ በሚወስዷቸው አጫጭር እንቅልፎች መሆኑን ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የከሱት ጨለማውን ለአደን ስለሚፈልጉት በብርሃን፣ አደጋ ባለበት ሰዓት እንደሚያርፉ፣ ሲወፍሩ ግን ዕረፍታቸውን ወደ ጨለማው እንደሚያዛውሩ አሳይቷል። ስብ ሲኖር ጥንቃቄም ይኖራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጊዜው ሲገጥም ነው፤ ጊዜን የሚያስገጥሙ ሁለት ነገሮች እጅግ ይደንቁኛል። የመጀመሪያው የጽንሱ ነገር ነው። እንስቷ የምትጠቃው ልጇን ጡት ልታስጥል ስትል፣ በከሳችበት ሰዓት ነው፤ ነገር ግን ጽንሱ ማኅፀን ውስጥ ሳይጣበቅ ሦስት አራት ወር ይቆያል። ማደግ የሚጀምረው ጠጉር የመቀየሩ ወራት ሲያልፍና ረጅሙ የአደን ጉዞ ሲጀመር ነው። ሁለተኛው መመለሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ርቀው የሄዱት እንስቶች ቀርበው ካሉት ቀድመው ፊታቸውን ወደ ቤት ያዞራሉ፤ ከዳርቻው ያላቸውን ርቀት የሚያውቁበት ስሜት እንዳላቸው ይገመታል። የሚደርሱት ለመውለድ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ነው። ሳምንት ቀድማ የመጣች በከንቱ ትጾማለች፤ የዘገየች ባሕር ላይ ትወልዳለች፤ ግልገሉም ይሞታል።

ስቡ በሰው እጅ ጥፋትም አምጥቶባቸዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለመብራትና ለማሽን ዘይት ሲባል ታድነው ጠፉ ተብለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1892 በሜክሲኮዋ ጓዳሉፔ ደሴት ከአሥር የማይበልጡ ተገኝተው ከነሱም አብዛኞቹ ለሙዚየም ተገደሉ። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1922 ጥበቃ አደረገችላቸው፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ይገመታል። ይህ መብዛት እውነተኛ ድል ነው፤ ሆኖም ከአደን ነፃ መውጣት ከውቅያኖስ መለወጥ ነፃ መውጣት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 ብርቱ ኤል ኒኞ ውሃውን ባሞቀ ጊዜ እንስቶቹ ክብደት የሚጨምሩበት ፍጥነት ቀንሶ፣ አጭሩ የአደን ጉዞ ረዝሞ ነበር። ይህን ይዞ፣ ምግብ ሲያንስ ጉዟቸውን አርዝመው ያካክሳሉ፣ ስለዚህ አያሰጋም የሚል ሊኖር ይችላል። አጭሩን ጉዞ ማርዘም ይቻላል፤ ከፊቱ የሚጠብቀው ጠጉር መቀየር ነው፣ እሱም በቀናት ቢዘገይ ልጅ አይገድልም። ረጅሙን ጉዞ ግን የዘጋው በሆዷ ያለው ጽንስ ነው፤ የመውለጃው ቀን ስቡ ሞላም አልሞላም ይደርሳል። በዚያ ጉዞ ላይ ምግብ ካጠረ የሚጎድለው በግልገሉ ክብደት ነው።