ያረጀ ማርሽን በብርሃን ለክቶ እንደ ገና ስለ መሥራት

ከወርክሾፓችን ቶርኖዎች አንዱ የማርሹ ጥርስ ተሰብሮ ሥራ ካቆመ ሰንብቶ ነበር። መለዋወጫ አልተገኘለትም፤ የማርሹ ንድፍም ከመኪናው ጋራ አልመጣም። በእጃችን ያለው የተሰበረው ዕቃ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከዕቃው ተነሥተን ወደ ንድፉ ለመመለስ ሞከርን። አሠራሩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን።

የለካነው በብርሃን ስካነር ነው። ስካነሩ በዕቃው ላይ የብርሃን መስመሮች ይጥላል፤ መስመሩ በጠፍጣፋ ላይ ቀጥ ይላል፥ በጎባጣ ላይ ይጎብጣል። በጎን ያለው ካሜራ ጉብጠቱን ያያል፤ የካሜራውና የብርሃኑ ርቀት የታወቀ ስለ ሆነ የእያንዳንዱ ነጥብ ስፍራ በሦስት ማዕዘን ስሌት ይገኛል። ኮምፒዩተሩም ብዙ ሺህ ነጥቦችን አያይዞ የዕቃውን ገጽ ይሠራል። የሚያብለጨልጭ ብረት ስካነሩን ስለሚያሳስተው አስቀድሞ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። (እኛ ዱቄቱን አብዝተን ሥራውን ሁለት ጊዜ ደግመናል።)

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ስካነሩ ያረጀውን እንዳረጀ ይቀዳል። የማርሻችን ዲያሜትር 119.6 ሚሊሜትር ሆኖ ወጣ፤ ጥርሶቹ ከተሰበረው ጋራ 38 ናቸው። በሕጉ ዲያሜትሩን ለጥርሶቹ ቍጥር ሲደመር 2፥ ማለት ለ40 ስናካፍል፥ ሞዱል የሚባለው መጠን 2.99 ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞዱል ግን በተለመደው ሠንጠረዥ የለም፤ የሠሪው አሳብ 3 ነበር፥ ስለዚህ ዲያሜትሩ 120 ነው። የጥርሱም ውፍረት 4.71 ሊሆን ሲገባው 4.3 ሆኖ አገኘነው። ደግነቱ ማርሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው በአንድ ወገን ስለ ሆነ የጥርሱ ሌላ ገጽ አልተበላም፤ የጥርሱን ቅርጽ ያረጋገጥነው ከዚያ ነው። ቀዳዳውን ግን ስካነሩን አላመንንም፤ የሚገባበትን ዘንግ በማይክሮሜትር ለካን።

ንድፍ ቢኖርም እንኳ ይህ ሥራ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ መሐንዲሶች ሳተርን 5 የተባለውን ሮኬት ያነሣ የነበረውን ኤፍ 1 ሞተር ፈትተው በብርሃን ስካነር ለክተዋል፤ ሞተሮቹ በእጅ የተገጣጠሙ ስለ ነበሩ ሠራተኞቹ ያደረጉት ማስተካከያ ሁሉ በንድፉ ላይ አልሰፈረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የሞተሩን ጋዝ አመንጪ ክፍል አቀጣጥለው ሞክረዋል።

የእኛ ማርሽ ተቈርጦ ገብቷል። ቶርኖው ይሠራል፥ ነገር ግን ይጮኻል፤ አዲሱ ጥርስ የሚገጥመው ካረጀው ጓደኛው ጋራ ነውና። እርሱንም ነቅለን ዱቄት ነፍተንበታል፤ በዚህ ጊዜ በስሱ።