ኢፖክሲ ከሌሎች ፖሊመሮች ጋር ሲደባለቅ እንዴት ይጠነክራል?

ኢፖክሲ የተባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ብረትን ከብረት ለማጣበቅ፣ ወለል ለመቀባትና የአውሮፕላን አካል ለመሥራት ያገለግላል። ጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን የሚገታው የለም። ይህን ጉድለት ለማረም ጎማ ወይም ሌላ ፕላስቲክ መጨመር የተለመደ ሆኗል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የድብልቁን ጠባይ የሚወስነው የተጨመረው ነገር ዓይነትና መጠን ብቻ ሳይሆን የአጠነካከሩ ሂደት ጭምር መሆኑን ነው።

በቅድሚያ ሙጫውን ለብቻው እንመልከት። የተለመደው የኢፖክሲ ሞለኪውል በሁለት ጫፎቹ ላይ ከሁለት ካርቦንና ከአንድ ኦክሲጅን የተሠራ ቀለበት አለው። አሚን የተባለው ማጠንከሪያ ከናይትሮጅኑ ጋር በተያያዘው በእያንዳንዱ ሃይድሮጅን አንድ ቀለበት ይከፍታል። አራት እንዲህ ያሉ ሃይድሮጅኖች ያሉት ማጠንከሪያ አራት ሞለኪውሎችን ስለሚያያይዝ ቀስ በቀስ መረብ ይሠራል። የሁለቱ መጠን ከተመጣጠነ፣ በስሌት 58 በመቶ ያህሉ ቀለበቶች ሲከፈቱ መረቡ ከዳር እስከ ዳር ይያያዛል፤ ፈሳሹም መፍሰሱን ያቆማል። ይህን ደረጃ፣ ከወተት መርጋት ጋር በማመሳሰል፣ «መርጋት» ብለነዋል።

አሁን ወደ ድብልቁ እንለፍ። ፈሳሽ ጎማ በመጀመሪያ በሙጫው ውስጥ ይሟሟል፤ የሙጫው ሞለኪውሎች ገና ትንንሽ ናቸውና። እነርሱ እየተያያዙ ሲያድጉ ግን ተቀላቅሎ የመኖር ዝንባሌያቸው ይቀንሳል፤ ጎማው ተለይቶ ጥቃቅን እንክብሎች ይሆናል። መርጋት ሲደርስ የእንክብሎቹ እድገት ይገታል። ስለዚህ ነገሩ በመለየትና በመርጋት መካከል የሚደረግ እሽቅድምድም ነው። መርጋት ከቀደመ፣ ጎማው በመረቡ ውስጥ ተሟሙቶ ይቀርና ሙጫው ሙቀት የመቋቋም ኃይሉን ያጣል። መለየት ከቀደመ፣ እንክብሎቹ በዙሪያቸው ያለው ሙጫ ሳይሰበር እንዲለጠጥ በማድረግ የስንጥቁን ኃይል ያበርዳሉ።

እንደ ፖሊኤተርሰልፎን ያለ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ሲጨመርም ሂደቱ ተመሳሳይ ነው። መጠኑ ጥቂት ከሆነ እንክብል ይሠራል፤ ሲጨምር ሁለቱ እንደ ተጠላለፉ ሥሮች ጎን ለጎን ይዘረጋሉ፤ ይበልጥ ሲበዛ ፕላስቲኩ ሙጫውን ይከብበዋል።

ተጨማሪው ፖሊመር ሙጫውን ስለሚያቀጥነውና ድብልቁን ስለሚያወፍረው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጠንከሩን ያዘገየዋል። ሃይድሮክሲል ያለው ፖሊመር ግን ሊያፋጥነው ይችላል። በዝቅተኛ ሙቀት የጠነከረ ድብልቅ፣ ቀለበቶቹ ተከፍተው ሳያልቁ እንደ ብርጭቆ ሊደርቅና ሂደቱ ሊቆም ይችላል። ከፍ ባለ ሙቀት ዳግመኛ ማብሰል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጉዳዩ ከእኛም የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787፣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ በቃጫ ከተጠናከሩ ውሑድ ቁሶች የተሠራ ነው፤ በክንፉና በአካሉ ውስጥ የካርቦኑን ቃጫ የሚያያይዘውም በፕላስቲክ ቅንጣቶች የተጠናከረ ኢፖክሲ ነው። እንዲህ ያለውን አካል ለሚጠግን ባለሙያ፣ የተወሰነለትን የሙቀት መጠንና ሰዓት መጠበቅ የልማድ ጉዳይ አይደለም። ያለቦታው ከረጋ በኋላ፣ የቁሱ ውስጣዊ አሠራር ተመልሶ አይስተካከልምና።