መዝገቡ ሳይጠራ መሣሪያው አይረዳም

ከአቃቂ ቃሊቲ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የፋብሪካ አጥርና የገበሬ ማሳ ጎን ለጎን ይታያሉ። የእጅ ስልክም ከከተሜው አልፎ ከገበሬው ቤት ገብቷል። ይሁን እንጂ ስልክ መኖሩ ብቻ የክትባት ቀኑ ያለፈበትን ሕፃን ወይም ምርመራዋን ያቋረጠችውን ነፍሰ ጡር ፈልጎ አያገኝም።

በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሰጠውን የጤና አገልግሎት አንዳንድ አገሮች ፈጥነው ሲቀበሉት ሌሎች የሚዘገዩት ለምንድን ነው? ሀብት አንዱ ምክንያት ቢሆንም ብቸኛው አይደለም። ኢስቶኒያ የሕክምና መዝገቧን በ2001 ዓ.ም. ወደ ኤሌክትሮኒክ የለወጠችው፣ በ1994 ዓ.ም. ለዜጎቿ የኤሌክትሮኒክ መታወቂያ ማደል ከጀመረች በኋላ ነው። በዚያ አገር በሽተኛው መዝገቡን ማን እንደከፈተው ራሱ ለማየት ስለሚችል እምነቱ ጸንቷል። ሀብታም ያልሆነችው ሩዋንዳም በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሰው አልባ በሆኑ አነስተኛ አውሮፕላኖች ደም ወደ ገጠር ሆስፒታሎች መላክ ስትጀምር፣ አስቀድማ በየመንደሩ የጤና ሠራተኞችን አሰማርታ፣ የጤና መድንንም አስፋፍታ ነበር።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ዘዴውን የተማረው ከእርሻ ኤክስቴንሽን ነው። ገበሬው ማዳበሪያንና ምርጥ ዘርን የተቀበለው የጎረቤቱን ማሳ አይቶ እንደሆነ ሁሉ፣ የጤናውም ሥራ በሞዴል ቤተሰቦች ተጀመረ። የየቤተሰቡ ሁኔታ በቤተሰብ ማህደር ተመዘገበ። በኋላም ይኸው መዝገብ ደረጃ በደረጃ ወደ ታብሌት መሸጋገር ጀመረ። በአዲስ አበባም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሠራሉ።

ሥራው የሚጓተተው መብራትና ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ሠራተኛዋም አንዱን ጉዳይ በወረቀትም በታብሌትም ለመጻፍ ስትገደድ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ስሙ ከመዝገቡ የቀረው ቤተሰብ ነው። ያልተመዘገበችን ወላድ ታብሌቱ አያስታውሳትም፤ የምርመራዋም ቀን ሲያልፍ የሚጠራት የለም።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ ከባድ ነው። አንደኛ፣ አዲስ የተወለደውንና አዲስ የሰፈረውን ለጤና ሠራተኛዋ ማስታወቅ፤ ሁለተኛ፣ የሕመምተኛ ምሥጢር የስብሰባ ወሬ እንዳይሆን መጠበቅ፤ ሦስተኛ፣ በቅድሚያ የራሳቸውን ቤተሰብ አስመዝግበው አርአያ መሆን ይገባቸዋል። የመሪው ቤት ያልተቀበለውን ጎረቤቱ አይቀበለውምና።