የቆሰለው አካልና የተጻፈው ወረቀት



በድሬ ዳዋ አጥቢያዎቻችን እሑድ ጠዋት በክራንች ተደግፈው ወይም የልጃቸውን ትከሻ ይዘው የሚገቡ ወንድሞችና አባቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። አንዳንዶቹ የሶማሊያ ጦር በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከተማችንን ለመያዝ በመጣ ጊዜ የተዋጉ ናቸው። ሌሎቹ እስከ 1983 ዓ.ም. በሰሜን የዘመቱ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በኤርትራ ድንበር የቆሰሉ፣ ወይም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ከነበረው ጦርነት የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም። ስለ ሕክምና ማስረጃቸው የጠየቃቸውን ሰው ግን ቶሎ አይለቁትም።

ጭንቀታቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉዳት በአካላቸው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። አበል የሚወሰነው ደግሞ በወረቀቱ ነው።

የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም የሚያጠቃልለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል፤ ነገር ግን የብዙ ወገኖቻችን ጉዳይ የተወሰነው በቀድሞው ስለሆነ እርሱን እንጠቅሳለን። በዚያ አዋጅ መሠረት በሥራው ምክንያት ተጎድቶ ለሥራ ብቁ ያልሆነ ሰው የአገልግሎት ዘመኑ ሳይጠየቅ የጉዳት ጡረታ አበል ያገኛል፤ ይኸውም የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ ነው። በሕመም ምክንያት ብቻ የተሰናበተ ሰው ግን 10 ዓመት ካላገለገለ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። እንግዲህ ስድስት ዓመት ያገለገለ ወታደር በካርዱ ላይ «በውጊያ ቆስሎ» በማለት ፈንታ «ታሞ» ተብሎ ቢጻፍበት፣ በዚያች አንዲት ቃል የዕድሜ ልክ አበሉን ያጣል። መሥራት የሚችል ተጎጂም ቢሆን ጉዳቱ ከ10 በመቶ በታች ነው ከተባለ የጉዳት ዳረጎት አይደርሰውም። መቶኛውን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ቦርዱም ከፊቱ የቀረበለትን ማስረጃ ያያል።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት አይመጣም። ቁስለኞች በመኪና ተጭነው በአንድ ሌሊት ሲመጡ ሐኪሙ የሚያድነው ነፍስ እንጂ የሚያሳምረው ጽሑፍ የለውም። ከሚደማው ቁስል ሌላ ያለው ጉዳት ሳይጻፍ ይቀራል። በሳቢያን ሰፈር የምናውቃቸው አንድ አባት ቀኝ ጉልበታቸው በፍንጣሪ ተመትቶ ነበር፤ ያው ፍንዳታ የግራ ጆሯቸውን ደፍኖታል። ካርዱ ጉልበቱን ብቻ ይናገራል። እኒህ አባት ሁልጊዜ ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር ስለሚቀመጡ ለቃሉ ያላቸውን ትጋት ስናደንቅ ኖረናል። ትጋቱስ አለ፤ ነገር ግን ከኋላ ከተቀመጡ ስብከቱ አይሰማቸውም።

ስም ሌላው ችግር ነው። የጦር ክፍሉ በአማርኛ የመዘገበውን ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ ከዚያ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንደገና ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። እንደ ድሬ ዳዋ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው በሚኖርባት ከተማ መሐመድ ሙሐመድ፣ እብሳ ኢብሳ እየሆነ አንድ ሰው በሁለት ፋይል ይከፈላል። የአያት ስም ካልተጻፈ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ይደባለቃል።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር በተለይ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ልብ እንዲሉት እንፈልጋለን። በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. የቆሰለ ሰው ሐኪሙ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፎለት ካርዱ 1991 ይላል። ይህን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ጸሐፊ ሰውዬው ሠራዊቱ ከተበተነ ከስምንት ዓመት በኋላ የቆሰለ ይመስለዋል። ከዚያም «የሐሰት ማስረጃ» የሚል ጥርጣሬ ይከተላል። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ማስጠቆም ትንሽ ሥራ ቢመስልም ብዙ ያድናል።

ጨርሶ የጠፋም አለ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲፈርስ ብዙ ሰነድ በየጦር ሰፈሩ ቀርቷል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ቢቋቋምም፣ አስመራ የታከመ ሰው ካርዱን ከዚያ ማስመጣት ቀላል አልነበረም፤ ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስም ድንበሩ ተዘጋ። በእኛው ከተማ ደግሞ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በገደለ ጊዜ፣ ከፈረሰው ቤት ጋር ሣጥን ውስጥ የነበረ ወረቀትም ሄዷል።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሐምሌ 1965 ዓ.ም. በአንድ መዝገብ ቤት በተነሣ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደሮች ፋይል ተቃጥሏል። በዚያ አገር የጠፋውን ከሌሎች መዛግብት፣ ከሆስፒታል መግቢያ ጽሑፍና አብረው ከነበሩ ወታደሮች የምስክርነት ቃል እየለቀሙ ለመጠገን ሞክረዋል። ይህን መንገድ እኛም ልንከተለው እንችላለን። የጦር ጓደኞቻቸው ግን እያረጁና እያለፉ ስለሆነ ዛሬ ያልተጻፈ ቃል ነገ አይገኝም። ፍንጣሪው በሰውነት ውስጥ የቀረ ሰውም አዲስ ራጅ ቢነሣ መልካም ነው። ራጁ ቀኑን ባይናገር ብረቱን ያሳያል።

ከሁሉ ይልቅ ሳይጻፍ የሚቀረው የአእምሮ ጉዳት ነው። ሌሊት የሚጮኽ፣ በርችት ድምፅ የሚደነግጥ ወንድም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እንጸልይለታለን፤ ደግሞም ልንጸልይለት ይገባል። ነገር ግን እምነት ጎድሎህ ነው ብለን ከሐኪም እንዳናስቀረው እንጠንቀቅ። ሕክምናውን ማጣቱ አንድ ጉዳት ሆኖ ሳለ፣ ያልታከመ ሰው ማስረጃም አይኖረውም።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «እኛ ምን እናድርግ፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላሉ። ውሳኔው የመንግሥት ነው፤ አብሮ መሄድ ግን የእኛ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ እርሻ በገዛ ጊዜ የውሉን ወረቀቶች፣ የታተመውንም ክፍቱንም፣ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው ባሮክን እንዳዘዘው በምዕራፍ 32 እናነባለን። አገር ሊፈርስ ሳለ ለወረቀት መጠንቀቁን ከእምነት ጋር የሚጋጭ አላደረገውም። በየአጥቢያው አንድ ጽሑፍ የሚያውቅ ወጣት ከጉዳተኛው ጋር ካርድ ክፍል ድረስ ቢሄድ፣ ስሙን በየአጻጻፉ ቢያስፈልግ፣ የተገኘውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ አንዱን በቤት፣ አንዱን በአጥቢያው ቢሮ ቢያስቀምጥ ብዙ ሸክም ይቀልላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንናገር። የመጋቢ ደብዳቤ የሐኪም ማስረጃ አይሆንም። ያየነውን፣ ለምሳሌ ሰውዬው እንደማይሰማ ወይም ደረጃ መውጣት እንደማይችል፣ መመስከር እንችላለን፤ መቶኛ እንዲጨመርለት ያላየነውን መጻፍ ግን ከሐሰት ምስክርነት አይለይም፤ በእውነት የተጎዳውንም ወገን ያስጠረጥራል።

ማመልከቻ ስታዘጋጁ የባለቤቱና የልጆቹ ስም በፋይሉ ላይ በትክክል መግባቱንም አብራችሁ አጣሩ። በአዋጅ ቁጥር 714 ባለ ጡረታው ሲሞት ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይተላለፍ ነበር። በባሏ ፋይል ላይ ስሟ የተሳሳተ መበለት ያንኑ የእርማት መንገድ ከመጀመሪያው ትጀምረዋለች፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ጉዳቱ የሚያስረዳላት ባሏ የለም።